በፊርማ ፈንታ ቡና

ኅዳር ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዎች የተከራየሁበት ግቢ ገብተው ደጄ ላይ ቆሙ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ናቸው፤ የታጠበ ጋቢ ለብሰው ከዘራ ይዘዋል። ሦስተኛው ጎልማሳ ነው፤ እጆቹን አጣምሮ መሬት መሬት ያያል። ልብስ እያጠብኩ ስለነበር አረፋው እስከ ክርኔ ደርሷል። ግቡ፣ ተቀመጡ አልኳቸው። ያለኝ ወንበር ሁለት ብቻ ስለሆነ የውሃ ጀሪካን ገልብጬ ሦስተኛ መቀመጫ ሠራሁ። አልተቀመጡም።

በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ፣ በኋላ አባ ጋሮ እንደሚባሉ ያወቅሁት፣ ከዘራቸውን ተደግፈው “የመጣንበት ጉዳይ ካልተሰማልን አንቀመጥም” አሉ።

ይህን አነጋገር አውቀዋለሁ። ታላቅ እህቴ ለጋብቻ ስትጠየቅ ቤታችን በር ላይ የተባለው ይኸው ነበር። ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። ለማስተማር ሰቃ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ከትምህርት ቤትና ከገበያ በቀር የምሄድበት የለም። ማን የት አይቶኝ ይሆን ብዬ አሰብኩ። የሃይማኖቱን ነገር ለማሰብ እንኳ ጊዜ አላገኘሁም፤ ጎልማሳው ለእኔ በዕድሜ ትንሽ እንደሚገፋ ለማሰብ ግን ጊዜ አግኝቻለሁ። አንገቴን ደፍቼ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ከእኔ ጋር ሳይሆን ጅማ ካሉት ቤተሰቦቼ ጋር መነጋገር እንደሚሻል ነገርኳቸው።

ሦስቱ ተያዩ። “ጥፋቷ ጅማ ድረስ ተሰማ እንዴ?” አሉ አባ ጋሮ።

ጎልማሳው ኦቦ ሸኩር ነበር፤ የአራተኛ ክፍል ተማሪዬ የከውሰር አባት። ረቡዕ ዕለት በልጅቷ እጅ “ወላጅ ለውይይት ይምጣ” የሚል ወረቀት ልኬ ነበር። እኛ አገር ወላጅ ተጠርቶ ተመስግኖ የተመለሰበት ትምህርት ቤት እስካሁን አልሰማሁም። ስለዚህ ኦቦ ሸኩር ልጁ እኔን ተሳድባለች ብሎ ደመደመ፤ ከትምህርት ቤት ሳላስባርራት ይቅርታ ሊያስጠይቅ ሽማግሌ ይዞ መጣ። እኔም ለመዳር ተዘጋጅቼ ጠበቅሁት።

ማንንም እንዳልተሳደበች፣ ክፍል ውስጥ ከእሷ የሚጨምት ልጅ እንደሌለ ነገርኳቸው። ፊቴ እየነደደ ስለነበር አባ ጋሮ አመመሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ተቀመጡ፤ ኦቦ ሸኩር ጀሪካኑን መረጠ።

የጠራሁት በንባብ ወረቀቱ ምክንያት ነበር። በዓመቱ መጀመሪያ ለእንግሊዝኛ መምህራን በተሰጠ ሥልጠና ላይ፣ ወላጅ በየምሽቱ ዐሥር ደቂቃ ልጁ ሲያነብ ቢያዳምጥ ብዙ ለውጥ እንደሚመጣ ተነገረን። እኔ ከሥልጠና ይዤ የምመለሰው አብዛኛውን ጊዜ እስክሪብቶና ደብተር ብቻ ነው፤ ይህን ግን አመንኩበት። ሰንጠረዥ ሠርቼ፣ አባዝቼ፣ ለአርባ ዘጠኙም ተማሪዎች አደልኩ። ወላጅ ባዳመጠ ቁጥር ይፈርማል። በመጀመሪያው ሳምንት አርባ ስምንቱ ሙሉ በሙሉ ተፈርመው ተመለሱ። ለርዕሰ መምህራችን ለኦቦ ዋቅጋሪ ወስጄ አሳየኋቸው፤ ሰኞ ሰልፍ ላይ በስሜ ጠርተው አመሰገኑኝ። የሦስተኛው ረድፍ ወላጆች በሙሉ በአንድ አረንጓዴ እስክሪብቶ መፈረማቸውን ያየሁት ከምስጋናው በኋላ ነው። በአምስት ቀን ውስጥ ፊርማውን ሦስት ጊዜ የለወጠ አባትም ነበር። ከተመሰገኑ በኋላ ይህን ለአለቃ መናገር ይከብዳል፤ እኔ ደግሞ ለአለቃ ማናቸውንም ነገር መናገር ይከብደኛል። ስለዚህ ያለኝን ኃይል ሁሉ ባዶውን በመጣው አንድ ወረቀት ላይ አዋልኩት። እሱም የከውሰር ነበር።

ኦቦ ሸኩር የልጁ ወረቀት ባዶውን መምጣቱን ሲሰማ ቅር አላለውም። ከገበሬ ቀይ ቡና እየገዛ ለቡና ማጠቢያ ጣቢያው ያቀርባል፤ በቡና ወቅት ቤቱ የሚገባው ልጆቹ ከተኙ በኋላ እንደሆነ ነገረኝ። እህቱ ጅማ ሂርማታ ሰፈር ትኖራለች፤ በሯ ላይ እንግሊዝኛ ከሕፃናት ክፍል ጀምሮ የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት አለ። ከውሰርን ወደዚያ ለመላክ ከራሱ ጋር ሲሟገት ከርሟል።

“በጥር የወላጆች ቀን ቆማ ስታነብ በጆሮዬ ከሰማሁ ደግ” አለ። “ካልሰማሁ ሁለተኛውን መንፈቅ ዓመት ጅማ ትማራለች። አንቺም ትገላገያለሽ፣ ቲቸር።”

የተናገረው በቅንነት ነው። እኔን የሚረዳኝ መስሎታል።

ሰኞ በዕረፍት ሰዓት እናቷ ሱሀይላ ብቻዋን መጣች። ከእኔ ብዙም ስለማትበልጥ እንደ ትልቅ ሴት አዴ ስላት ሳቀች፤ በስሜ ጥሪኝ አለችኝ። ማጠቢያ ጣቢያው ውስጥ የታጠበ ቡና ከሚለቅሙት ሴቶች አንዷ ናት፤ ጥፍሮቿ ቡናማ ሆነዋል። ወንበር ሳብኩላት፤ ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ከሦስት ወንዶች ልጆች መሃል ሴት ልጇ ከውሰር ብቻ እንደሆነች፣ ሸኩር ደግሞ አንዴ ከተናገረ እንደማይመለስ፣ የእህቱ ቤት ሱቅ ስለሆነ ልጅቷ ከትምህርት ይልቅ ሚዛን እንደምትማር ነገረችኝ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

ለምን እንዳልፈረመች ጠየቅኋት።

“ያነበበችው ልክ ይሁን ስሕተት አላውቅም። ሳላውቅ ብፈርም በሐሰት መመስከር ነው፣ ወላሂ።” ጠረጴዛዬ ላይ የተቆለሉትን ወረቀቶች አየች። “እነዚህ የፈረሙት ሁሉ እንግሊዝኛ ያውቃሉ?”

አረንጓዴውን ክምር በደብተር ሸፈንኩት። እንግሊዝኛ ማወቅ እንደማያስፈልግ፣ የሚፈለገው መስማት ብቻ እንደሆነ፣ ልጅቷ ሳትቆም ስትሄድና ስትደናቀፍ መለየት እንደሚበቃ ነገርኳት። ከሥልጠናው ወረቀት በቃሌ የያዝኩት ነው። እሷ ግን ቁም ነገር አድርጋ አሰበችበት።

“ስትደናቀፍ ይሰማኛል” አለች በመጨረሻ። “እሱ ቋንቋ አይፈልግም።”

በሚቀጥለው ሰኞ ከውሰር አምስት የተቋጠሩ ትናንሽ ፌስታሎች ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። በእያንዳንዱ ውስጥ የቡና ፍሬ ነበር። ያስረዳችኝ በሹክሹክታ ነው፤ ከውሰር ሁሉንም የምትለው በሹክሹክታ ነው። ምሽት ምሽት እናቷ አጠገቧ ጣሳ ታስቀምጣለች፤ ከውሰር ስታነብ በተደናቀፈች ቁጥር አንድ ፍሬ ጣሳው ውስጥ ትጥላለች፤ ሲያበቃ ትቋጥረዋለች። በፊርማ ፈንታ ነው። ልጆቹ ከወጡ በኋላ በሩን ዘግቼ ቆጠርኳቸው። የሰኞው ሃያ ሦስት ነበር፣ የማክሰኞው ሃያ አራት፣ የረቡዑ እንደገና ሃያ ሦስት። አርባ ስምንት ሙሉ ሰንጠረዥ ያልነገረኝን አምስት ፌስታል ነገረኝ። በሁለተኛውም ሳምንት ቁጥሩ ከሃያ ሁለት አልወረደም። ለዚህ ምን እንደማደርግ ግን የሥልጠናው ወረቀት አይናገርም።

ሱሀይላ ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ማጠቢያው ድረስ እንድመጣ ላከችብኝ።

ቡናው በእንጨት በተሠሩ ረጃጅም የማስጫ አልጋዎች ላይ ከነገለፈቱ ተሰጥቷል። ሴቶቹ በሁለቱም ወገን ቆመው እጃቸው ሳያርፍ የተሰነጠቀውን፣ የጠቆረውን፣ ነቀዝ የነካውን ይለቅማሉ፤ እየተጫወቱም ይስቃሉ። እኔ ስደርስ ዝም አሉ፤ ይህ በየሄድኩበት የሚያጋጥመኝ ነገር ነው። ከውሰር የዩኒፎርም ሹራቧን እንደለበሰች አልጋው ጫፍ ላይ መጽሐፏን ዘርግታ ትጠብቀኛለች። ሱሀይላ ጣሳዋን አጠገቧ አደረገችና ጀምሪ አለቻት።

ምንባቡ ስለ አንድ ድልድይ ነው፤ ከመስከረም ጀምሮ አስተምሬዋለሁ። ከውሰር ማንበብ ጀመረች። ጠቅ አለ ጣሳው። ትንሽ ሄደችና የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች፤ ጠቅ። አንድ ከበድ ያለ ቃል ፊት ስትደርስ ቆማ ሁለት ጊዜ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ወደ ግራ ዞራ ሩቅ ተመለከተች፤ ከዚያ ቃሉን ለራሷ ብቻ የምትነግረው አስመስላ አለፈችው። ጠቅ። ወደ ግራዋ አየሁ። ከአሮጌ መጋዘን ግድግዳ በቀር ምንም የለም።

ስትጨርስ ሱሀይላ ፍሬዎቹን መዳፏ ላይ ገለበጠች። እኔ ያላየሁትን አይታለች፤ ልጅቷ በየምሽቱ የምትደናቀፈው እዚያው ቦታ ላይ ነው። “ቲቸር፣ ቡና ስንለቅም በአንዱ ዘንቢል አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት ጉዳት ካየን ፍሬው ነው እንላለን” አለች። “በሁሉም ዘንቢል ላይ ስንጥቁ አንድ ዓይነት፣ በአንድ ቦታ ላይ ከሆነ ግን ጥፋቱ የፍሬው አይደለም። መፈልፈያው ማሽን ነው የሚታየው።” ከዚያ በየዋህነት ጠየቀችኝ፤ “ይህን ከማን ነው የሰማችው?”

እዚያ ቆሜ ክፍሌ ታየኝ። ጠረጴዛዬ ያለው ከሰሌዳው አጠገብ ነው፤ መስኮቱ በግራዬ ነው። ምላስን በጥርስ መሃል የሚያስወጡ ቃላት ሲመጡብኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ምላስን ለሰው ማሳየት ነውር ስለሚመስለኝ፣ በነጠላዬ ጫፍ አፌን እሸፍናለሁ። ሁለት ጊዜ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። በመስኮቱ አያለሁ። ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፌን ሳቀርብ ፈታኞቼ ድምፄ እንዲሰማቸው መስኮት አዘግተዋል፤ ያኔ አፍሬ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የዳንኩ ይመስለኝ ነበር። ከውሰር ሰነፍ አልነበረችም። ከአርባ ዘጠኙ ውስጥ ያስተማርኳትን አንድም ሳታስቀር የያዘች እሷ ብቻ ናት፤ ጉሮሮ መጥረጉን ጨምሮ።

ማሽኑ እኔ ነኝ ለማለት አፌ አልታዘዘኝም። ሰነባብቼ ልሄድ ስል ከአልጋው ማዶ ያለችው ለቃሚ፣ ቲቸር ራሷ ታንብብ እስቲ፣ ማሎ፣ አለች። ሌሎቹም ማሎ፣ ማሎ አሉ። በአፋን ኦሮሞ እንዲህ ከተለመኑ በኋላ እንቢ ማለት ይከብዳል። መጽሐፉን ተቀብዬ አነበብኩ። ጣሳው ያለ ርኅራኄ ሠራ። ሴቶቹ ሳቃቸውን ሲይዙ ይሰማኛል፤ ከውሰር ግን አልሳቀችም፤ ከንፈሯ ከከንፈሬ ጋር እኩል ይንቀሳቀስ ነበር። ስጨርስ ሱሀይላ ቆጥራ ቋጥራ፣ አስተማሪ ለወላጅ ውጤት እንደሚሰጥ አድርጋ፣ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ሃያ አንድ። የዚያን ቀን ከውሰር ሃያ ሦስት ነበራት። በዲግሪ የተመረቅሁት እኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪዬን በሁለት ፍሬ በለጥኳት።

ከዚያ ወዲያ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ማጠቢያው መሄድ ያዝኩ። መጀመሪያ እኔ አነባለሁ፣ ቀጥላ ከውሰር፤ ሱሀይላ ለሁለታችንም ትጥላለች። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ ስልኬ ላይ ያለውን መዝገበ ቃላት እያናገርኩ እለማመዳለሁ። አከራዬ ከማን ጋር እንደማወራ ጠየቀችኝ፤ ከእንግሊዝኛ ጋር አልኳት፤ ጸሎቴን ለመደበቅ የዋሸሁት ውሸት አድርጋ ወሰደችው። ክፍል ውስጥ ጠረጴዛዬን ከመስኮቱ አርቄ ወደ መሃል አመጣሁት። ሰንጠረዡንም ተውኩት፤ በፊርማ ፈንታ ቤት ያለው ማናቸውም ፍሬ ይቋጠር አልኩ። ቤተሰቡ ከደጋው ከደዶ የመጣ ልጅ ባቄላ አመጣ። አረንጓዴው እስክሪብቶ ካለበት ረድፍ ከጥቂት ቀን በኋላ አንዱ ተነሥቶ፣ አባቱ ዐሥራ አንድ የቆሎ ፍሬ እንደቋጠሩለት፣ አራቱን ግን መንገድ ላይ እንደበላቸው ተናዘዘ። በልጆቹ ፊት ሰው እውነት ሲናገር ማመስገን እንዳለብኝ ስለማውቅ አመሰገንኩት። ለኦቦ ዋቅጋሪም ስለ ፊርማዎቹ ነገርኳቸው። ሁለት ቀን አጥንቼ ነው የነገርኳቸው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደሚያውቁ፣ ሰልፍ ላይ ያመሰገኑኝ ግን ሰንጠረዥ ሠርቼ በማባዛቴ ስለሆነ ምስጋናው እንደማይሰረዝ ነገሩኝ።

ጥር ሲገባ የእኔ ወደ አምስት፣ የከውሰር ወደ ዘጠኝ ወረደ።

በወላጆች ቀን ግቢው ውስጥ ዳስ ተጣለ፤ ወንበር ከየክፍሉ ወጣ። እኔ በእንዲህ ያለ ቀን የምቆምበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ከትልቁ ድምፅ ማጉያ ጀርባ። ኦቦ ሸኩር ከአባ ጋሮ ጋር መጥቶ ፊት ተቀመጠ። ሱሀይላ ከሴቶቹ ጋር ናት፤ ጭኗ ላይ ጉብ ያለ ነገር በሻሽ ሸፍናለች።

የከውሰር ስም ተጠራ። ወጣች፤ ማይክሮፎኑ ወደ ቁመቷ ዝቅ ተደረገላት፤ መጽሐፉን ገለጠች። ምንም አልተሰማም። ሁለት መቶ ሰው ይጠብቃል። አባቷ አገጩን እጁ ላይ አሳረፈ። ልጅቷ ሕዝቡን አላየችም፤ ድምፅ ማጉያውን አየች፤ ከጀርባው ያለሁትን እኔን ነው። ከዚያ በማይክሮፎኑ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ “ባርሲፍቱ፣ መጀመሪያ አንቺ” አለች። ባርሲፍቱ አስተማሪ ማለት ነው፤ ከእኔ ሌላ ማንንም ልትል እንደማትችል ገብቶት ግቢው በሙሉ ዞሮ እያየኝ ነው።

ከማጉያው ጀርባ ወጥቼ መጽሐፉን ከእጇ ተቀበልኩ። የወረዳው ሱፐርቫይዘር ማስታወሻ ደብተሩን ሲያወጣ አይቻለሁ። ስለ ድልድዩ አነበብኩ። ከሴቶቹ ወገን፣ ጠቅ። ሱሀይላ ጣሳዋን ይዛ መጥታለች፤ የለመደ እጇ ሱፐርቫይዘር አለ ብሎ አልራራልኝም። ሳቅ ተነሣ፤ ቀጠልኩ። ምላሴን አወጣሁ። ጠቅ። መስኮት ፈለግሁ፤ ዳስ መስኮት የለውም። ጨረስኩ። ከውሰር መጽሐፉን ከእጄ ወሰደችና ትንፋሽ ሳትሰበስብ ጀመረች። ስትሳሳት ጣሳው ጠቅ ይላል፤ ቃሉን ተመልሳ ታነሣዋለች፤ ትቀጥላለች። ድምፅ ማጉያው አጠገብ ስለነበርኩ ድምጿ ጆሮዬን አሳመመኝ። እንዲህ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ አባ ጋሮ፣ አስተማሪዋ ሦስት፣ ልጅቷ ሰባት፣ ብለው ቆጥረው ጠበቁኝ። ኦቦ ሸኩር ፊቱ በርቷል፤ ሱሀይላ አጠገቡ ቆማለች። እንዲህ ያለች ልጅ እዚህ ልትቀር አይገባትም አለኝ። እዚህ እንዲህ ካነበበች ዕድሉን አግኝታ ጅማ ብትሄድ የት ልትደርስ ነው፤ ለእህቱ ዛሬውኑ ይደውልላታል። ሱሀይላ ጣሳዋን በሁለት እጇ ያዘች፤ ፍሬዎቹ ውስጡ ሲንቀሳቀሱ ተሰማኝ። ሁለት ወር ለፍቼ ልጅቷን በደንብ ለመላክ አዘጋጅቼአታለሁ ማለት ነው። በጨዋ ሰው ወግ እንኳን ደስ ያለህ ብዬ ልሰናበት አፌን ከፍቼ ነበር።

“ተቀመጪ እንጂ፣ ቲቸር” አለ ኦቦ ሸኩር፤ ወንበር እየሳበልኝ።

“አልቀመጥም” አልኩ።

አመመሽ ወይ ያሉኝ አባ ጋሮ ቀና ብለው አዩኝ።

“የመጣሁበት ጉዳይ ካልተሰማልኝ አልቀመጥም” አልኩ። ጉሮሮዬን አንድ ጊዜ ብቻ ጠረግሁ። “ከውሰር ትቅር። ጅማ ጥሩ አስተማሪ ታገኝ ይሆናል፤ እኔን የሚበልጥ ማግኘት ከባድ አይደለም። ማታ ማታ አጠገቧ ተቀምጦ የሚለቅምላት ግን የለም። እኔንም ያረመችኝ ሱሀይላ ናት።”

ለወትሮ ሽማግሌ የሚሆነው ሦስት ሰው ነው፤ እኔ አንድ ነኝ፤ ለዚያውም ስለ ሽምግልና የማውቀው ደጄ ላይ ያየሁትን ብቻ ነው። ያን ጊዜ አባ ጋሮ ከዘራቸውን ተደግፈው ከወንበራቸው ተነሡና መጥተው ጎኔ ቆሙ። ቀጥላ ሱሀይላ ጣሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ በሌላው ጎኔ ቆመች።

ኦቦ ሸኩር ሦስታችንንም ተራ በተራ አየን። ስልኩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ትንሽ ያዘውና መልሶ ከተተው።

“ተቀመጡ እንግዲህ” አለ።

ተቀመጥን። ከውሰር የሁለተኛውን መንፈቅ ዓመት የመጀመሪያ ቀን ሰቃ ጀመረች፤ በማግሥቱ ማክሰኞ ስለነበር ከትምህርት በኋላ ወደ ማጠቢያው አብረን ሄድን።